ለዮ ማስቃላ ዝግጅት ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



መስቀል እየደረሰ ነው። ለእኛ ለጋሞዎች ዮ ማስቃላ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጠብለት በዓል ነው። ሸማኔ ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ሳይቀር ይመጣሉ፤ በሬ በጋራ ገዝተን ቅርጫ እንካፈላለን። ታዲያ ተኳርፎ አንድ በሬ መካፈል ምን ይባላል? ከበዓሉ በፊት በሽማግሌ ፊት መታረቅ የቆየ ደንባችን ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻችን ተገድለው የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ ሲነሳ፣ አባቶቻችን እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ሣሩን አክብሮ ተመለሰ። ያን የሚያህል ቁጣ በሣር ከበረደ፣ የእኛ የአጥርና የቦይ ጠብ እንዴት አይበርድም?

ስለዚህ የተጣላን ሁሉ መስከረም 16 ደመራው ሳይለኮስ ለሽማግሌዎች እንንገር። የቅርጫ መዋጮ ያጠረውም አይፈር፣ ለብቻው ይንገረን፤ ማንም ጎረቤት ሥጋ ሳይቀምስ አይዋል።

ዮ ማስቃላ!

የማኅበሩ ጸሐፊ