ጀልባዋ የማን ናት?

ዛሬ የምንነግራችሁ ከልጆቻችን ጋር ስለዋልንበት አንድ በዓልና በዚያ ስላገኘነው ተግሣጽ ነው።

በምናገለግልበት በሰሜን ታይላንድ፣ በናን ከተማ፣ የቡድሃ መነኮሳት በዝናም ወራት ለ3 ወር በገዳማቸው የሚቆዩበት ጊዜ ሲፈጸም፣ በጥቅምት ወር ገደማ፣ በናን ወንዝ ላይ የጀልባ እሽቅድምድም ይደረጋል። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አረጋዊት እናት ሁለት ዓመት ጋብዘውን ሰበብ ፈጥረን ቀርተናል። ለጀልባዋ ጠባቂ መንፈስ አበባና ዕጣን እንደሚቀርብ ስለምናውቅ ፈራን። በሦስተኛው ዓመት ግን፣ ከመሥዋዕቱ ሳንካፈል ከሰዎቹ ጋር መቀመጥ እንችላለን ብለን ሄድን።

ወንዙ ዳር ሰሌን አንጥፈው ተቀበሉን። ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ አብረን በላን። ጀልባዎቹ በጣም ረጃጅም ናቸው፤ ከፊታቸው ናጋ የሚሉት የዘንዶ ራስ ተቀርጾባቸዋል። በትልቁ ጀልባ እስከ 55 ቀዛፊዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ቢቀዝፍ መቅዘፊያዎቹ ይጋጫሉ፤ ጀልባዋም ትዘገያለች። ጉልበተኛ መሆን ብቻ አይበቃም፤ እኩል መምታት ያስፈልጋል።

ትንሹ ልጃችን «ጀልባዋ የማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። እናታችንም «የመንደራችን ናት። ወንዶቹ ማታ ማታ ይለማመዱባታል፤ በዓሉ ሲያልፍ በገዳሙ ግቢ ከዳስ ሥር እናስቀምጣታለን። ብትሰነጠቅ ሳምንት አታድርም» አሉት።

ይህን ስንሰማ አንድ ነገር ትዝ አለን። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጎርፍ ናንን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ እኛ በመንደሩ ያቆምነው የውሃ ፓምፕ ጭቃ ሞላውና ቆመ። ከዚያ ወዲህ የነካው ሰው የለም። «ታዲያ ፓምፑስ የማን ነው?» አልናቸው። ፈገግ ብለው «የእናንተ ነዋ!» አሉን።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ቃል ልባችንን ወጋው። ቦታውን የመረጥን እኛ፤ ኮሚቴውን ያቋቋምን እኛ። በሰሌናቸው ላይ ሳንቀመጥ፣ ፓምፓችንን እንደ ራሳቸው እንዲያዩልን ጠበቅን።

ከበዓሉ በኋላ ወረቀታችንን ትተን ወደ መንደሩ ስብሰባ ሄድን፤ ተናገሩ አልን፣ እኛም አዳመጥን። ቦታው ለጎርፍ የተጋለጠ መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል። የጠየቃቸው ግን አልነበረም። አሁን ከፍ ያለ ስፍራ መርጠዋል፤ ከየቤቱም ማን ምን እንደሚያዋጣ እየተነጋገሩ ነው።

ፓምፑ ገና ውሃ አልሰጠም። ስለዚህ የሚቀጥለው ሪፖርታችን ቢዘገይባችሁ ታገሡን። በየፕሮጀክቱ ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቻችንም፣ ቸኩለን ብቻችንን እንዳንቀዝፍ ጸልዩልን፤ እኛም እንጸልይላችኋለን።

ጌታ ይባርካችሁ።