ስለ ጥንተ አምሳል፥ ወይም ዘንዶው ስለሚገኝበት ስፍራ



ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፥ ብሩታዊትም በዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት የሚያሳየውን ሥዕል ሳያይ ያደገ በመካከላችን ጥቂት ነው። በአክሱም በኩል የሚነገረውም ታሪክ፥ ሕዝቡ ልጃገረድ ይገብርለት የነበረውን እባብ አርዌን አንጋቦ ገድሎ ነገሠ ይላል። ባቢሎናውያን ማርዱክ ቲያማትን ገደለ ብለዋል። ግሪኮችም ፐርሲየስ ለባሕር አውሬ የተሰጠችውን አንድሮሜዳን አዳነ ይላሉ፤ አባቷንም የኢትዮጵያ ንጉሥ ያደርጉታል።

ይህ መመሳሰል ከየት መጣ? የስዊስ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1875-1961) ምንጩ የሰው አእምሮ ነው አለ። ከ1919 ጀምሮ አርኪታይፕ ብሎ የጠራውን እኛ ጥንተ አምሳል ብንለው የሚያስኬድ ይመስለናል። እናት፥ ጠቢቡ ሽማግሌ፥ ጀግናው፥ ጥላው ከእነዚህ ናቸው። ሰው ሥዕሉን ይዞ አይወለድም፤ የሚወርሰው ሥዕሉ የሚፈስበትን ቅርጽ ነው እንጂ።

ይህን እንዳለ ለመቀበል እንቸገራለን፤ ታሪክ ይጓዛልና። አንድሮሜዳ ታስራበታለች የሚባለው ኢዮጴ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር አለበት ከሚባለው ከልዳ ብዙ አይርቅም። ነጋዴና መነኩሴ የሚያደርሰውን ወሬ የደም ውርስ ነው ማለት ችኮላ ነው። ዳሩ ግን ከሚጓዘው ታሪክ ሁሉ ሰው ይህን አጥብቆ የያዘው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ማይክል ኩክና ሱዛን ሚኔካ በ1980ዎቹ በአሜሪካ ያደረጉት ምርመራ ይረዳናል። በቤተ ሙከራ ያደጉና እባብ አይተው የማያውቁ ጦጣዎች እባብን አይፈሩም ነበር። ሌላ ጦጣ ከእባብ ስትሸሽ በፊልም ባዩ ጊዜ ግን ፍርሃቱን ፈጥነው ተማሩ። ፊልሙ ተቆርጦ ተቀጥሎ ጦጣዋ ከአበባ የምትሸሽ ሲመስል ግን አበባን መፍራት አልተማሩም። እንግዲህ የተወረሰው ፍርሃቱ ሳይሆን ለመማር መሰናዳቱ ነው። ይህም ከዩንግ አሳብ አጠገብ ይቆማል እንጂ አያረጋግጠውም።

ርእሱን የመረጥነው ግን ለጦጣ ስንል አይደለም። ባለፈው ስብሰባችን ስለ ምግብ ቤቱ ገንዘብ ስንከራከር አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «ሒሳቡ ትክክል ነው» አለ። ወዲያው ዘንዶው ተገኘ! ማን ላከህ፥ ስንት ተከፈለህ ብለን ጮኽንበት፤ ጦሩን ለመወርወር ያልተሽቀዳደመ አልነበረም። ከሦስት ቀን በኋላ መዝገቡን ብናይ ቁጥሩ እሱ እንዳለው ሆኖ ተገኘ።

ጥንተ አምሳሉ ነው ያሳሳተን ብለን እናመልጥ ይሆን? ዩንግ ራሱ በ1936 ስለ ዎታን በጻፈው ጽሑፍ፥ የጀርመን ሕዝብ በጥንት አምላኩ እንደ ተያዘ አድርጎ የሂትለርን ዘመን ሊያስረዳ ሞከረ። ብዙዎች ነቅፈውታል፤ እኛም እንነቅፈዋለን። ዎታን ትእዛዝ አይፈርምም፤ የባቡር ፉርጎም አይቆልፍም።

ያ ጓደኛችን ዛሬ በዚህ አዳራሽ በስተኋላ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ በስብሰባችን ቃል ተናግሮ አያውቅም። ከዚህ ንግግር በኋላ የሚሆነውን ውይይት እንዲከፍትልን ለምነነው፥ እሺ ብሎናል።