«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ልጆቻችንና ስለ ሥነ ጥበብ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እንደምታውቁኝ እዚህ ናይሮቢ ሞባይልና ቻርጀር የምሸጥ ባለ ሱቅ ነኝ። ትምህርቴም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ፣ ሌላው ወላጅ ይማርበት ብዬ ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በ2022 ሴት ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ በትምህርት ቤቷ የተማሪዎች ሥራ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር። ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ከእናቷ ጋር ሄድን። ልጄ እጄን ይዛ ወደ አንድ ግድግዳ ወሰደችኝ። ከላይ እስከ ታች በወረቀት ቁርጥራጭ የተሰፋ ነገር ተሰቅሏል። ጠጋ ብዬ ሳይ የገዛ ሱቄ የድሮ የደረሰኝ ቅጂ ነው! አንዱን ካንዱ በክር ሰፍታ፣ ጠርዙ ላይ ጥለት ሠርታለት፣ ነጠላ አስመስላዋለች። እኔም በሰው ፊት «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ቆሻሻ ለመስፋት ነው ይኼን ሁሉ የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈልኩት? ደግሞም ወረቀቱ አልበቃሽም መሰለኝ፣ መሐሉ ቀዳዳ ነው» አልኳት። ልጄ አልመለሰችልኝም። ቤት እስክንደርስ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላውንም ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ ወረወረችው። እናቷ ብቻ ማታ «ቃል እኮ እንደ ድንጋይ ነው፣ ከወረወሩት አይመለስም» አለችኝ።

በዓመቱ ዘመድ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ሄድን። እኔም ጥፋቴ ይከነክነኝ ስለነበር፣ ልጄ የሥዕል ኤግዚቢሽን እንይ ስትል እሺ አልኩ። እዚያ የኤልያስ ስሜ ሥራ ተሰቅሏል። ኤልያስ በ1968 አዲስ አበባ የተወለደ፣ ሥራው በውጭ አገር ትልልቅ ሙዚየሞች የታየለት የእኛው ሰው ነው። አሁንም «ይኼ ምን ማለት ነው?» ብዬ አፌን ስከፍት ልጄ «አባዬ፣ ምን ማለት ነው አትበል። መጀመሪያ ምን ይታይሃል?» አለችኝ።

ራቅ ብዬ ቆምኩ። «ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ የሚታይ የእርሻ ማሳ ይመስላል» አልኳት። «ጎሽ፣ አሁን ቅረብ» አለችኝ። ቀረብኩ። ለካስ ሽቦ ነው! ቀይና ጥቁር፣ ቢጫና አረንጓዴ፣ እኔ በየቀኑ ሱቄ ውስጥ የምቆርጠውና የምጥለው የኤሌክትሪክ ሽቦ! በእጅ ተጎንጉኖ፣ በእንጨት ላይ ተመትቶ፣ ግድግዳውን ሞልቶታል። እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ ያንን ሥራ እንደ እኔ የሚያውቀው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ የተበጠሰ ቻርጀር ለመቀጠል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የማውቅ ሰው፣ ያ ሁሉ ሽቦ ስንት ቀንና ስንት ሌሊት እንደፈጀ ገባኝ። እያንዳንዱ ሽቦ አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ድምፅ የተላለፈበት ወይም የአንድ ሰው ቤት መብራት የበራበት መሆኑንም አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ነው ጽሑፉን ያነበብነው። ኤልያስ ዕቃውን ከመርካቶ እንደሚሰበስብ፣ ተከታታይ ሥራዎቹንም «ታይትሮፕ» እንደሚላቸው አወቅሁ። ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚሄድበት ውጥር ገመድ ማለት ነው።

አጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ «ለእኔ የእናቴን ስፌት ነው የሚመስለኝ» አሉ። ልጄ ደግሞ የከተማ መብራት በሌሊት ነው አለች። ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው? ይኼን ጊዜ በልጅነቴ የሰማኋቸው የቤተ ክርስቲያን መምህር ትዝ አሉኝ። አንዱን ቃል አንድ ጊዜ ይተረጉሙና «አንድም» ብለው ሌላ ትርጉም ይጨምራሉ፤ ደግመው «አንድም» ይላሉ። የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም። ነገር ግን መምህሩ ከመሬት ተነሥተው አይናገሩም፤ ከቃሉ ጋር ታስረው ነው። ሥዕልም እንዲሁ ነው። እኔ ዝሆን ታየኝ ብል ልጄ «የቱ ጋ?» ትለኛለች። ማሳ ታየኝ ካልኩ ግን በጣቴ ማሳየት እችላለሁ።

አንዳንዶቻችን «የድሮው ሥዕል ግልጽ ነው፣ የዘንድሮው ግን አይገባም» እንላለን። እውነቱን ለመናገር የድሮውም ያስተማረን ሰው ስለነበረ ነው የገባን። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሳሉ አያቶቻችን ባይነግሩን ከየት እናውቀው ነበር? «አገሬ» በሚለው ግጥሙ ብዙዎቻችን የምናውቀው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ሠዓሊ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ አብስትራክት ሥራዎቹን ሲያሳይ፣ ግራ የተጋባውና የነቀፈው ሰው ብዙ ነበር። በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ ዐረፈ። ዛሬ የምንኮራበት ሰው ነው።

ይኼን ስል ሁሉንም ሥዕል ውደዱ ማለቴ አይደለም። አይቶ፣ አስቦ አልወደድኩትም ማለት መብት ነው። የእኔ ጥፋት ሳላይ መፍረዴ ነው።

ናይሮቢ እንደተመለስን ነጠላውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። ሳሎን ዘርግቼ ልጄ እንዳስተማረችኝ መጀመሪያ ራቅ ብዬ አየሁት። ከዚያ ቀርቤ ቀኖቹን አነበብኩ። ደረሰኞቹ በተርታ ነው የተሰፉት። ቀዳዳው የሚጀምረው በመጋቢት ወር 2020 መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ወቅት በኮሮና ምክንያት የሰዓት እላፊ ታውጆ፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። የቤት ኪራይ ከየት እንደምከፍል ሳሰላ ማደሬን ልጆቼ አያውቁም ብዬ ነበር። ለካስ ልጄ ያልሸጥኩበትን ቀን ሁሉ ቆጥራ ባዶውን ትታዋለች። ወረቀት አልበቃሽም ያልኳት ያንን ነው።

ሄጄ «ልጄ ሆይ፣ ይቅር በይኝ፤ አላየሁትም ነበር» አልኳት። «አሁን አየኸው አይደል፣ አባዬ?» አለችኝ። ነጠላው ዛሬ ሱቄ ውስጥ ከመደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል። ደንበኞች «ይኼ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «አንተስ ምን ይታይሃል?» እላቸዋለሁ። እኔ አካውንቲንግ ትማርልኝ ብል እሷ ሥዕል መርጣለች። በምን ትተዳደራለች የሚለው ሐሳብ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል፤ አልዋሻችሁም። ግን ምርጫዋን አልነቅፍም።

ሲረስ ካቢሩ የሚባል የዚህ አገር ሠዓሊ አለ። ከመንገድ ከሚለቅመው ቁርጥራጭ ብረትና ሽቦ አስገራሚ መነጽሮች ይሠራል። በልጅነቱ መነጽር ሲያምረው አባቱ ከፈለግህ ራስህ ሥራ እንዳሉት ይናገራል። አባት የተናገረው ቃል የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የእኔ ቃል ልጄን ሊያስቆማት ነበር።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አቀርባለሁ። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቤተሰቦች ከልጆቻችን ጋር ኤግዚቢሽን እንይ። የናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ሠዓሊው ማይክል አርሚቴጅ በ2020 ያቋቋመው የናይሮቢ ኮንቴምፖራሪ አርት ኢንስቲትዩትም አለ። ስንሄድ ግን አንቸኩል። ራቅ ብለን እንይ፣ ቀርበን እንይ፣ ከምን እንደተሠራ እንጠይቅ። ጽሑፉን በኋላ እናንብብ፤ ከሁሉ በላይ ልጆቻችን ምን እንደታያቸው እንስማ።

መልካም በዓል ይሁንልን። ለሃምሳኛውም በሰላም ያድርሰን።