ስለ ቆርኪ ኳስ ሜዳ አሣሣል

ልጆች በቆርኪ ለሚጫወቱት ኳስ ሜዳውን በካርቶን ላይ መሣል ራሱን የቻለ የሒሳብ ትምህርት ነው። አንዱ ሜትር በአንድ ሣንቲ ሜትር ሲተካ 105 በ68 ሜትር የሆነው ሜዳ 105 በ68 ሣንቲ ሜትር ይሆናል፤ የግቡም ወርድ 7.32። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ቆርኪው ራሱ 3 ሣንቲ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ ግቡን ሊዘጉት ጥቂት ይቀራቸዋል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ በልኩ ተሰምሮ ግቡ ብቻ ይስፋ፤ ተማሪውም ልኩ ስለ ምን እንደ ተጣሰ ያስረዳ። የመስመሩ ውፍረት በደንቡ ከ12 ሣንቲ ሜትር አይበልጥምና በካርቶኑ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በጠመኔ የተሰመረ ሜዳ ሐሰተኛ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በምሥራቅ ሱዳን፥ በገዳሪፍ መጠለያ ያደገ የኢትዮጵያ ልጅ የሚያውቀው ሜዳ በበጋ የሚሰነጠቅ፥ በክረምት እግር የሚይዝ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ወደ ከሰላ ቢዘልቅ ደግሞ ከታካ ተራሮች ሥር የጋሽን ወንዝ ደለል ያገኛል። ይህን ልጅ አረንጓዴ ቀባ ብሎ ማዘዝ ዓይኑን እንዲጠራጠር ማስተማር ነው። ይልቅስ የሰፈሩን አፈር ከሙጫ ጋር ለውሶ ይቀባ። ወፍራም ከሆነ ግን ሲደርቅ እንደ ሜዳው ተሰንጥቆ ቆርኪውን ያሰናክላልና ስስ ይሁን።