በጓዳ ስለ ቀሩት ልጆች

ክቡራንና ክቡራት መምህራን፤ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፤

የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆኜ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆችና ወላጆቻቸውን ሳገለግል 28 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የምናገረው ግን የሠራሁትን ለማስመስገን ሳይሆን፣ የተሳሳትሁትን አንድ ነገር ገልጬ እናንተ እንዳትደግሙት ለመለመን ነው።

የሥራችን መጀመሪያ በር ማንኳኳት ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ከቤት ወደ ቤት ስዞር ልጁን ብዙ ጊዜ የማገኘው ከጓዳ ነበር። እናት ልጅዋን የምትሸሽገው ስለምትጠላው አይደለም፤ ጎረቤት «እርግማን ነው» እንዳይላት ስለምትፈራ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ልጁ በ46 ክሮሞሶም ፈንታ 47 ይዞ ሲፈጠር የሚመጣ ነው፤ አንዳንዱ ችግር በምጥ ጊዜ ሕፃኑ አየር ስለሚያጥረው፣ አንዳንዱም እናት በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን ስለምታጣ ይደርሳል። እርግማን የሚባል ነገር በዚህ ውስጥ የለም።

አንዲት እናት ስድስት ወር ሙሉ ከመከርኋት በኋላ የ9 ዓመት ልጅዋን አዲስ ሸሚዝ አልብሳ ወደ ትምህርት ቤት አመጣችው። የተቀበለን ሰው ልጁን አይቶ «ይህ የሐኪም እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም» አለ። እኔም መከራከር ሲገባኝ «ለከርሞ እንሞክራለን» ብዬ ሸኘኋት። ከርሞ ያልሁት ሁለት ዓመት ሆነ። ተመልሼ ስሄድ ልጁ ከጓዳ ነበር፤ ሸሚዙም ተጣጥፎ እንደ ተቀመጠ ጠቦታል። እናቲቱ አልተቆጣችኝም፤ «እትዬ፣ መጀመሪያውንም ባላወጣው ይሻለኝ ነበር» ብቻ አለችኝ።

በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ተቀበለችው። እጅ መታጠብን በስድስት ከፈለችለት፤ ቧንቧ መክፈት፣ እጅን ማርጠብ፣ ሳሙና መቀባት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት። አንዱን ሳይለምድ ወደ ሁለተኛው አላለፈችም። በአራተኛው ወር ያለ ረዳት ታጠበ። በሁለተኛው ዓመት ከሱቅ ዳቦ ገዝቶ መልሱን ይዞ ይመለስ ጀመር፤ የሰፈሩም ሰው በስሙ ጠራው።

በሰኔ 1986 ዓ.ም. በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች፣ መደበኛው ትምህርት ቤት ልጆችን ሁሉ እንዲቀበል ተስማምተዋል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሆኖም ስምምነት ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ልጅን አያስተምርም። በምዝገባ ቀን በሩ ላይ የሚቆመው ከእናንተ አንዱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት ብታዩ፣ «ለከርሞ» አትበሉአት። ልዩ ክፍል ባይኖራችሁ ወንበር ስጡት፤ ልዩ መጽሐፍ ባይኖራችሁ እጅ መታጠብን አስተምሩት። እኔ ለዚያ ልጅ ሁለቱን ዓመታት ልመልስለት አልችልም። እናንተ ግን የሚመጣውን ልጅ ዓመት ልታተርፉለት ትችላላችሁ።