ትከሻዬ ምን አጠፋ?

ወጣቶች፣ ዛሬ ስለ ትከሻዬ ላጫውታችሁ። ሥራዬ የሰው ችግር ማዳመጥ ነው። ማታ ማታ ትከሻዬ እንደ ድንጋይ ይደርቅብኝ ነበር። ቅባት ብቀባ፣ ባሳሽ ወይ ፍንክች!

በኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «ሰው ስታዳምጪ ጥርስሽን ግጥም፣ ትንፋሽሽን ቁጥብ ታደርጊያለሽ?» ስትለኝ ደነገጥኩ። ለካ እውነቷን ነው! መንገጭላ ሲጠብቅ የአንገት ጡንቻም አብሮ ይወጠራል። ሆዳችንን ጨብጠን በደረት ብቻ ስንተነፍስ ደግሞ አንገትና ትከሻ የሌላውን ሥራ ይሸከማሉ።

አሁን በየመሀሉ ጥርሴን አላቅቄ፣ ሆዴ እስኪነፋ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ። የሰማሁት ሲከብደኝም ለባልደረባዬ አወያያታለሁ። ቀለል ብሎኛል።

እናንተም በፈተና ሰሞን ጥርሳችሁን ልብ በሉ። ክንድ ከደነዘዘ ወይም ደረት ከጨነቀ ግን ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።