ከሰማይ የሚሰፈር ጋዝ
(በሮብ ገበያ በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ገበያ ገብስ የሚገዛ ሰው በሻጩ ቃል አይረካም፤ እህሉ በቁና ፊቱ ይሰፈርለታል። ዛሬ የምናገርለት ሜቴን ግን አይታይም፣ አይሸትምም።

በኦጋዴን ካሉብ በተባለው ሥፍራ ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የተፈጥሮ ጋዝ ያገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራ የተመረቀው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ጋዝ አብዛኛው ክፍል ሜቴን ስለሆነ፣ ሳይቃጠል ያመለጠው በ20 ዓመት ሲታሰብ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ይበረታል።

የሚያመልጠውን መጠን ለማወቅ የተለመደው መንገድ መዝጊያዎችንና ቧንቧዎችን ቆጥሮ በአንድ ቁጥር ማባዛት ነው። ይህ በበሬ ብዛት ጎተራን መገመት ነው! በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ የጋዝ ሜዳዎች ላይ በአውሮፕላን ተለክቶ በአውሮፓ አቆጣጠር 2022 የታተመው ጥናት፣ ከሚመረተው ጋዝ ከመቶ 9 ያህሉ እንደሚያመልጥ አሳየ። የመንግሥቱ ግምት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። ሜቴን ኢንፍራሬድ የተባለውን ብርሃን ስለሚውጥ፣ አንደኛው መሣሪያ ከመሬት የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን መርምሮ ከጎደለው ብርሃን ጋዙን ያገኛል። በሁለተኛው ደግሞ አውሮፕላኑ ጉድጓዱን እየዞረ አየሩን ይቀምሳል፤ ከነፋሱም ፍጥነት ጋር ተሰልቶ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚወጣ ይታወቃል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ አሊሶ ካንየን በተባለው የጋዝ ማከማቻ አንድ ጉድጓድ ሲፈነዳ፣ ስቲቭን ኮንሊ የተባለው ሳይንቲስት በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በርሮ ፍሳሹን ለክቷል። ቁጥሩ ከመብዛቱ የተነሣ መጀመሪያ የጠረጠረው መሣሪያውን ነበር። ጉድጓዱ እስኪደፈን ከ100 ቀን በላይ ፈጀ፤ ያመለጠውም 97,000 ቶን ያህል ሜቴን ነው።

እርግጥ አውሮፕላን የሚያየው የበረረበትን ቀን ብቻ ነው፤ ጥቃቅኑም ፍሳሽ ያመልጠዋል። በፀሐይ ብርሃን የሚሠራው መሣሪያ በእኛ በጮቄ የሐምሌ ደመና ላይ ከንቱ ነው። የኦጋዴን ሰማይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ ሲወረን አነስተኛ አውሮፕላኖች በምሥራቁ አገራችን መንጋ እያሳደዱ መድኃኒት ረጭተዋል፤ ስለዚህ ሥራው ለአብራሪዎቻችን እንግዳ አይሆንም።

እኔ የምለው፣ ልኬቱ ሜዳው ሳያረጅ አሁኑኑ ይጀመር፤ የሚለካውም ጋዙን ከሚሸጠው ኩባንያ ውጭ የሆነ አካል ይሁን። የፊዚክስ ተማሪዎችም ከበረራው አይቅሩ። የተገኘው ቁጥር ለማዕድን ሚኒስቴር ብቻ ሳይሆን፣ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ግመሉን ለሚያሰማራው አርብቶ አደር በሶማልኛ ይነገረው።